ተልከው የቀሩ እንደራሴዎች



በ646 መግቢያ ላይ የቻይናው የታንግ ሥርወ መንግሥት ሁለተኛው ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ 22 ሰዎችን መርጦ ከዋና ከተማው ከቻንግአን ወደ አራቱም ማዕዘን አሰማራ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከተላኩት አንዱ የመንግሥቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለቃ ሱን ፉችዬ ነበር። የያዙት ስድስት አንቀጽ ያለው የምርመራ መመሪያ ሲሆን ሥራቸውም የአውራጃ ገዥዎችንና የወረዳ ሹማምንትን መፈተሽ ነው፤ ማን ፍርድ አጓደለ፣ ማን ጉቦ በላ፣ ማንንስ ሕዝቡ መረቀው። ሲመለሱ ንጉሡ ራሱ ተቀምጦ ጉዳዩን አየ። 20 ሰዎች በችሎታቸው ከፍ ከፍ አሉ፤ 7 በሞት ተቀጡ፤ የተጋዙትና ከሹመት የተነሡት ከብዙ መቶ በላይ ሆኑ።

ታይዞንግ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው። የአውራጃ ገዥዎቹን ስም በክፍሉ ባለው መከለያ ላይ አስጽፎ፣ ስለ እያንዳንዳቸው የሰማውን መልካምም ክፉም ከስማቸው ሥር ያሰፍር ነበር፤ ሲተኛም ሲነሣም ያነበዋል። ከዚህ ሁሉ ግን እንድትይዙልኝ የምፈልገው አንዲት ነገር ናት፤ 22ቱም የተላኩትን አድርሰው ወደየሥራቸው ተመለሱ።

የዛሬው ንግግሬ ስላልተመለሱት ነው።

የታንግ መንግሥት በወረቀት ላይ ሲታይ በመካከለኛው ዘመን ዓለም ተወዳዳሪ ያለው አይመስለኝም። በላይ ሦስት ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች አሉ። አንደኛው የንጉሡን ዐዋጅ ያረቃል፤ ሁለተኛው ይመረምራል፣ ካልተዋጠለትም መልሶ ይልከዋል፤ ሦስተኛው ያስፈጽማል። በአስፈጻሚው ሥር ስድስት ሚኒስቴሮች ይሰለፋሉ፤ የሹመት፣ የገቢና የሕዝብ መዝገብ፣ የሥርዓት፣ የጦር፣ የፍርድ፣ የሥራ። ማዕረጉ ዘጠኝ ደረጃ አለው። የእያንዳንዱ ወንበር ደሞዝ፣ የልብሱ ቀለም፣ የጸሐፊዎቹ ቁጥር ሳይቀር ተወስኗል። ከዚህ መዋቅር ውጭ የሚቆመው ንጉሡ ለአንድ ጉዳይ ብሎ የሚልከው ሰው ነው። ቻይናውያን «ሺ» ይሉታል፤ እኔ እንደራሴ እያልኩ እቀጥላለሁ።

እንደራሴው የራሱ ማዕረግ የለውም። ስለዚህ ማዕረጉንና ደሞዙን ከመደበኛው ወንበር ይዞ ይሄዳል፤ ወንበሩ ላይ ግን አይቀመጥም። ረዳቶቹን ራሱ ይመርጣል፤ የሹመት ሚኒስቴርን ደጅ መጥናት አያስፈልገውም። የሚጽፈው በቀጥታ ለንጉሡ ነው፤ ረቂቁ ይታይ፣ ይመርመር፣ ይመለስ የሚባል ጣጣ የለበትም። በቶሎ እንዲያልቅ የሚፈልጉት ሥራ ላለው ንጉሥ ከዚህ የሚመች ምን አለ? ችኮላ ባይኖርም እንኳ፣ ሁልጊዜ «ይህ ከሕጉ ጋር አይሄድም» የሚሉ ሽማግሌ ሹማምንት ያሰለቹት ንጉሥ እንዲህ ያለውን ሰው ይወዳል። ንጉሥም ሰው ነውና አይፈረድበትም።

አደጋው አዲስ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ106 የሃን ንጉሠ ነገሥት ዉ 13 ተቆጣጣሪዎችን ወደየክፍለ ሀገሩ ልኮ ነበር። ደሞዛቸው 600 መስፈሪያ እህል፣ የሚቆጣጠሯቸው ገዥዎች ደሞዝ ደግሞ 2,000 መስፈሪያ። ትንሹን ሹም በትልቁ ላይ ማቆም ብልሃት ነበር፤ የሚያጣው ነገር ስለሌለው አይፈራም። ሦስት መቶ ዓመት ሳይሞላ ግን የእነዚያ ተቆጣጣሪዎች ወራሾች ጦር አደራጅተው ክፍለ ሀገሮቹን ለየራሳቸው ያዙ፤ ሃንም በ220 ፈረሰች። የታንግ ሊቃውንት ይህን ታሪክ ከልጅነታቸው ጀምረው ያጠኑታል። ቢሆንም ያው መንገድ ጠበቃቸው።

መንገዱን የጠረገው ማን ነው ቢባል ጣቴን የምቀስረው ብዙዎች እንደሚያደርጉት በጦር አለቆቹ ላይ አይደለም። በአንድ የስምንተኛ ማዕረግ ተቆጣጣሪ ላይ ነው። ስሙ ዩዌን ሮንግ ይባላል።

በ721 ንጉሠ ነገሥቱ ሹዋንዞንግ ነው፤ አገሩ ሰላም፣ ጎተራው ሙሉ። ችግሩ መዝገቡ ነው። ግብርና መሬት የሚደለደለው በቤተሰብ መዝገብ ሲሆን፣ ገበሬው ግን ዕዳና ግዳጅ ሲበዛበት ቀዬውን እየጣለ ወደማይታወቅበት ሄዷል። በተወለደበት መንደር ስሙ አለ፣ እሱ የለም፤ በሄደበት እሱ አለ፣ ስሙ የለም። ጉዳዩ በሕግ የገቢ ሚኒስቴር ነው። ሚኒስቴሩ ግን የሚያውቀው የአውራጃ ገዥዎች የላኩለትን ወረቀት ብቻ ነው፤ ገዥዎቹ ደግሞ ሰው ጠፋብን ብለው ቢጽፉ ራሳቸውን መክሰስ ይሆንባቸዋል። ዩዌን ሮንግ ለዚህ ጉዳይ ልላክ አለ፤ ተላከም። ረዳቶቹን መርጦ በየአገሩ አሰማራ። ላመነና ለተመዘገበ ሁሉ የስድስት ዓመት የግብር እፎይታ ሰጠ፤ በምትኩ የሚከፈለው ቀላል ገንዘብ ብቻ ነው። በየደረሰበት ሽማግሌዎችን ሰብስቦ የንጉሡን ቃል ሲያሰማ፣ አልቅሰው አባታችን እናታችን ያሉት እንደነበሩ ተጽፏል። በ724 ከ800,000 በላይ ቤተሰብ አስመዘገበ። ሁሉም እውነት ነበር አልልም፤ እንደራሴውን ደስ ለማሰኘት ነባሩን ቤተሰብ እንደ አዲስ የቆጠሩ አውራጃዎች ነበሩ። ቢቀነስለትም ግን ሚኒስቴሩ በአንድ ትውልድ ያልሠራው ሥራ ነው።

አሁን ታሪክ ጸሐፊዎቹ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልፉትን ነገር ልብ በሉ። በእነዚያ ዓመታት አውራጃዎች ማናቸውንም ጉዳይ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ በመጀመሪያ ለዩዌን ሮንግ ይጽፉ ነበር፤ ለጠቅላይ መሥሪያ ቤቱ የሚጽፉት ከዚያ በኋላ ነው። የሚኒስቴር ሹማምንትም ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት የእሱን አዝማሚያ ይጠብቁ ነበር። ይህን የሚያዝ ዐዋጅ አልወጣም። ሰው ሥልጣን የት እንዳለ ይሸተዋል፤ ወረቀቱም ሽታውን ተከትሎ ይሄዳል። ዩዌን ሮንግ በ729 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ መቶ ቀን እንኳ ሳይደፍን ተሻረ፤ ተግዞም ሳለ ሞተ። ሰውየው ሄደ፤ አሠራሩ ግን ቀረ።

በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው ሊ ጃዎ የሚባል ሹም ለውጡን አሳምሮ አይቶታል። ቀድሞ በውጭ ጉዳይ ሲነሣ እንደራሴ ይላካል፣ ጉዳዩ ከሌለ አይላክም ነበር፤ በሹዋንዞንግ ዘመን ግን ተቀምጦ እንደራሴ የሚሆን ሰው መጣ ይላል። ከዚያም እንደራሴ የሆነ ከብዶ፣ መደበኛ ሹም የሆነ ቀልሎ ይታይ ጀመር። እኔ በአንድ ሰዓት የምለፋበትን እሱ በጥቂት መስመር ጨርሶታል።

ተቀምጠው ከቀሩት ዋነኞቹ ጂየዱሺ የተባሉት የጦር እንደራሴዎች ናቸው። የመጀመሪያው በ711 በምዕራቡ በር በኼሺ ተሾመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በየተራ ከእርሻው የሚመጣው የገበሬ ወታደር የቲቤትን፣ የቱርክንና የኺታንን ጦር ሊመክት አልቻለም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ከድንበር የማይነሣ ቅጥር ወታደርና እሱን የሚያዝ አንድ ሰው አስፈለገ። እንደራሴው ንጉሡን ሲሰናበት ጥንድ ዓርማና ጥንድ የሥልጣን ምልክት ይሰጠዋል። በ742 በድንበሩ ዙሪያ አሥር እንዲህ ያሉ የጦር ግዛቶች ነበሩ፤ በሥራቸው ያለው ወታደር 490,000 ነው። በዋና ከተማው ዙሪያ ለንጉሡ የቀረው ጦር ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

እዚህ ላይ ጥቂት ልውጣና ልመለስ፤ ለእኛ ለአዳማጮቹ የምትቀርብ ጉዳይ ስለሆነች። በ751 የአንሺ የጦር እንደራሴ ጋዎ ሺየንጂ በመካከለኛው እስያ በታላስ ወንዝ ከዐረቦቹ ከዐባሲዶች ጦር ጋር ገጥሞ ተሸነፈ። ከተማረኩት አንዱ ዱ ኹዋን ይባላል። ከዐሥር ዓመት በላይ በዐረቦቹ ግዛት ቆይቶ በ762 በመርከብ ወደ ጓንግጆ ተመለሰ። መጽሐፉ ጠፍቷል፤ ዘመዱ ዱ ዮ ቀንጭቦ ያቆየው ግን በእጃችን አለ። እዚያ ውስጥ ሞሊን ስለሚባል የጥቁር ሰዎች አገር ይነገራል፤ ከተመራማሪዎች ከፊሉ በቀይ ባሕር ምዕራብ ዳርቻ፣ በእኛው ሰፈር ያስቀምጡታል፤ ሌሎች ወደ ሰሜን አፍሪካ ይወስዱታል። ዱ ዮ የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ በሌላ ሥራ ብቅ ይላል።

ወደ ቻንግአን እንመለስ። ሹመቱ ወንበር ስለማይፈልግ አንድ ሰው የፈለገውን ያህል መደረብ ይችላል። ንጉሡ እጅግ የሚወዳት የያንግ ጉዌፌ ዘመድ ያንግ ጉዎጆንግ ከ40 በላይ የእንደራሴነት ሹመት ደረበ። ወረቀቱ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ እየጣለ ሲፈርም ቢውል እንኳ ሊጨርሰው አልቻለም፤ ጸሐፊዎቹ በዚያ ክፍተት እንደልባቸው ፈነጩ። ባላንጣው አን ሉሻን ደግሞ ሦስት የሰሜን ጦር ግዛቶችን አንድ ላይ ያዘ። አልበቃውም፤ በ754 የንጉሡ የፈረስ ጋጣዎች እንደራሴነት ይጨመርልኝ አለ፤ ተጨመረለት። ከዚያም ለጦርነት የሚሆኑትን ምርጥ ፈረሶች በሺህ እየለየ አስቀመጠ። በ755 መጨረሻ ዛሬ ቤይጂንግ ካለችበት አካባቢ ተነሥቶ ዐመፀ። በ756 ቻንግአን ወደቀች፤ ንጉሡ ወደ ሲችዋን ሸሸ፤ በመንገድ ላይ ወታደሮቹ ያንግ ጉዎጆንግን ገደሉ፣ ያንግ ጉዌፌንም አስገደሉ። ጦርነቱ እስከ 763 ዘለቀ። ይህን ክፍል በብዙ መጽሐፍና ፊልም ታገኙታላችሁና አልቆይበትም።

የምቆይበት በ758 የሆነች አንዲት ጉዳይ ናት። ጦርነቱ እንደተፋፋመ የፒንግሉ የጦር እንደራሴ ሞተ። አዲሱ ንጉሥ ሱዞንግ የሐዘኑን ቃል የሚያደርስ መልእክተኛ ላከ፤ መልእክተኛው ግን ሌላም ትእዛዝ ይዟል፤ ወታደሮቹ ማንን እንደሚፈልጉ ጠይቆ ለዚያው ሰው የሥልጣን ምልክቱን እንዲሰጥ። ከመኮንኖቹ አንዱ የሟቹን ልጅ ገደለና ሆው ሺዪ የተባለውን ዘመዱን አስመረጠ። ቤተ መንግሥቱም አጸደቀ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ጓንግ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ትረካውን አቁሞ ምርር ብሎ ይናገራል፤ ወታደር አዛዡን የሚያነሣና የሚጥልበት ልማድ ከዚህ ጀመረ ባይ ነው። እውነቱን ነው። መልእክቱ ቀድሞ ከንጉሡ ወደ ጦሩ ይሄድ ነበር፤ አሁን ከጦሩ ወደ ንጉሡ መጣ፤ ንጉሡም ዓርማውን አስይዞ «እሺ» ብሎ ይመልሳል።

እስካሁን የነገርኳችሁ እንደራሴነት አገር እንዴት እንደሚያፈርስ ብቻ ይመስላል። እንዲያ ከሆነ ታንግ ከዐመፁ በኋላ 144 ዓመት እንዴት ቆመች? ያቆማት ራሱ እንደራሴነት ነው። ሊዩ ያንን ላስተዋውቃችሁ።

ጦርነቱ እንዳበቃ በቻንግአን አንድ ዶ ሩዝ፣ ማለትም ስድስት ሊትር ገደማ፣ አንድ ሺህ ሳንቲም ገባ። የንጉሡ ወጥ ቤት እንኳ ለከርሞ ቀርቶ ለነገ የሚሆን ስንቅ አልነበረውም፤ በዙሪያው ያለው ገበሬ ያልደረሰውን እሸት በእጁ እያሸ ለጦሩ ያቀብል ነበር። እህሉ ያለው በደቡብ፣ በያንግዚ ወንዝ አገር ነው። ወደ ሰሜን የሚያመጣው ቦይ በጦርነቱ በደለል ሞልቶ ተዘግቷል። ሊዩ ያን የመጓጓዣ እንደራሴ ሆኖ ቦዩን ራሱ ዞሮ አየ፤ አስጠረገው። ጉዞውንም በአራት ከፈለው፤ የያንግዚ ጀልባ እስከ ያንግጆ፣ የቦዩ ጀልባ እስከ ቢጫው ወንዝ፣ የቢጫው ወንዝ ጀልባ እስከ ዌይ ወንዝ አፍ፣ ከዚያ የዌይ ጀልባ እስከ ዋና ከተማው ጎተራ። እያንዳንዱ ቀዛፊ የሚያውቀውን ውኃ ብቻ ይቀዝፋል። የመጀመሪያው እህል ሲደርስ ንጉሡ ዳይዞንግ ከበሮ አስይዞ የክብር ዘብ ወደ ወንዙ ድልድይ ላከ።

ጀልባዎቹን የሚያሠራው በያንግዚ አጠገብ በከፈታቸው አሥር የጀልባ መሥሪያዎች ነው። ለአንዱ ጀልባ አንድ ሺህ ጉንጉን ሳንቲም ይከፍላል፤ አንዱ ጉንጉን ሺህ ሳንቲም ነው። ግማሹ ይበቃል ብለው መከሩት። መልሱ በአጭሩ እንዲህ ነበር፤ ብዙ ዘመን የሚኖር ሥራ ሲጀመር ሠራተኛው መጥገብ አለበት፤ ከእኔ በኋላ የሚመጡት ይቀንሱታል፤ እስከ ግማሽ ቢቀንሱ ችግር የለውም፣ ከዚያ ካለፉ ግን ሥራው ይቆማል። ከአንድ ክፍለ ዘመን ገደማ በኋላ የተሾሙት ዋጋውን ቁርጥ አድርገው አሰሉት፤ ሠራተኛው ምንም የማይተርፈው ሆነ፤ ጀልባው ሳሳ፤ መጓጓዣውም ተበላሸ።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ከጨው። በ758 ዲዉ ቺ የተባለ እንደራሴ ጨውን የመንግሥት ብቻ አድርጎ የአንዱን ዶ ዋጋ ከ10 ሳንቲም ወደ 110 አወጣው። ሊዩ ያን በኋላ ሲረከበው ሹማምንቱን ከየወረዳው አነሣ። መንግሥት ጨው ከሚመረትበት ቦታ ላይ ይቀመጥ፣ ግብሩን በዋጋው ውስጥ አድርጎ ለነጋዴ ይሽጥ፣ ነጋዴው ወደፈለገበት ይውሰደው አለ። ገበሬው ግብር የከፈለ ሳይመስለው ከፈለ፤ የጦር እንደራሴዎች በያዙት አገር ያለው ገበሬ ሳይቀር። መጀመሪያ በዓመት 400,000 ጉንጉን የነበረው ገቢ በ770ዎቹ መጨረሻ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ ከመንግሥቱ ጠቅላላ ገቢ ግማሹን ማለት ነው። በየአቅጣጫው ፈጣን ሯጮች ቀጥሮ የሩቁን ገበያ ዋጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያውቅ ነበር። ገንዘብ የሚነኩት የተማሩ ሰዎች ብቻ ይሁኑ፣ ተራው ጸሐፊ ወረቀት ይገልብጥ የሚል ሕግ ነበረው። ከፍ ያሉ ሰዎች ዘመዶቻቸውን ቅጠርልን ሲሉት ደሞዝ ይሰጣቸዋል፤ ሥራ ግን አያስነካቸውም። ይህችን ብልሃት የሚያውቋት መሥሪያ ቤቶች ዛሬም የሉም አልልም።

በ779 ባላንጣው ያንግ ያን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ780 ሊዩ ያን ተሻረ፤ ቀጥሎም በሐሰት ክስ ተገደለ። ንብረቱ ሲቆጠር የተገኘው ሁለት ጋሪ መጽሐፍና ጥቂት መስፈሪያ ሩዝና ስንዴ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረታችን እዚህ ሰው ጋ ሲደርስ ያፍራል።

የዚያን ዓመት መጀመሪያ ግን ከሞቱ በላይ እፈልገዋለሁ። ያንግ ያን በመርሕ ደረጃ ትክክል ነበር። ግብር የሚኒስቴር ሥራ ነው፤ እንደራሴነቱ ይቅር፣ ሥራው ወደ ገቢ ሚኒስቴር ክፍሎች ይመለስ አለ፤ ዐዋጅም ወጣ። ሥራው ተመለሰ። የሚቀበለው ሰው አልነበረም። ክፍሎቹ ስማቸው፣ ወንበራቸው፣ ማኅተማቸው አለ፤ ነገር ግን አንድ ትውልድ ሙሉ ሥራ ሲያልፋቸው ኖሯል። የትኛው አውራጃ ስንት እንደሚከፍል፣ ጀልባው መቼ እንደሚነሣ፣ ከማን ጋር እንደሚጻጻፉ የሚያውቅ አልተገኘም። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ እንደራሴነቱ እንዳለ ተመለሰ። ለያንግዚ አካባቢ መጓጓዣ ከተሾሙት አንዱ ያ አደራ ያልኳችሁ ዱ ዮ ነው። በኋላ በ801 ስለ መንግሥት አሠራር ታሪክ 200 ጥራዝ ያለው ታላቅ መጽሐፍ ለንጉሡ አቀረበ፤ የዱ ኹዋንን ጽሑፍ ቁርጥራጭ ያገኘነውም እዚያ ውስጥ ነው። ስለ መደበኛ ወንበሮች ታሪክ ያን ያህል የጻፈ ሰው የኖረው በእንደራሴነት መሆኑ አይገርምም?

መድኃኒቱ የጎዳው በሽተኛ መድኃኒቱን ጠላ ቢባል ማንም አይገርመውም። የታንግ ነገሥታት ግን መድኃኒቱን አልጠሉም፤ የጦር እንደራሴዎቹን ባላመኑ ጊዜ እነሱን የሚጠብቅ ሌላ እንደራሴ ላኩ። ይኸኛው ጃንደረባ ነው። ልጅ የለውም፣ ዘር አይተክልም፣ ከንጉሡ በቀር ዘመድ የለውም ተብሎ ታመነ። በእያንዳንዱ ጦር ዘንድ አንድ ጃንደረባ ተቆጣጣሪ ተቀመጠ። በ796 የንጉሡን ዘብ ጦር ሁለቱን ክንፎች የሚያዙት ጃንደረቦች ሆኑ፤ ከዚያ ወዲህ ማን ይንገሥ የሚለውም በእነሱ እጅ ገባ። ሹሚሺ የሚባል ሌላም ሹመት ነበር፤ መጀመሪያ ሥራው በንጉሡና በሚኒስትሮቹ መካከል ወረቀት ማመላለስ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤት እንኳ አልነበረውም፤ ወረቀት የሚቀመጥበት ሦስት ክፍል ቤት ብቻ። እሱንም አደራ።

ከጃንደረቦቹ ሹመት ተራው ሰው በሥጋው የሚያውቀው የቤተ መንግሥት ገበያን ነው። ለንጉሡ ቤት ዕቃ መግዛት ቀድሞ የመደበኛ ሹማምንት ሥራ ነበር፤ ወደ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ጃንደረቦች ያዙት። ሰዎቻቸው በቻንግአን ገበያ ተበትነው «ለቤተ መንግሥት ነው» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ መጠየቅ የለም። ጸሐፊው ሃን ዩ በጻፈው የንጉሥ ሹንዞንግ ዜና መዋዕል ውስጥ አንድ ገበሬ አለ፤ ስሙ አልተጻፈም። በአህያው ማገዶ ጭኖ ለመሸጥ ከተማ ገባ። አንዱ ጃንደረባ ያዘው፤ ጥቂት ክንድ ሐር ወረወረለትና የበር መግቢያ ክፈል አለው፤ ቀጥሎም ማገዶውን ቤተ መንግሥት ድረስ የሚያደርስልኝ አህያህ ነው አለው። ገበሬው አለቀሰ። ሐሩን መለሰለት። ጃንደረባው አልቀበልም፣ አህያህን ነው የምፈልገው አለ። ገበሬው ወላጆች፣ ሚስትና ልጆች እንዳሉት፣ የሚበሉትም ከዚህች ማገዶ እንደሆነ፣ ዋጋውን ትቶ ዕቃውን በነፃ እየሰጠ እንኳ እምቢ ከተባለ ከሞት በቀር ምርጫ እንደሌለው ተናገረና ጃንደረባውን ደበደበው። የከተማ ጠባቂዎች ይዘውት ጉዳዩ ንጉሡ ዴዞንግ ዘንድ ደረሰ። ንጉሡ ጃንደረባውን ሻረ፣ ለገበሬው 10 ጣቃ ሐር ሰጠ። ገበያው ግን እንዳለ ቀጠለ። ሹማምንቱ ደጋግመው ይቅር ብለው ቢጽፉም አልሰማቸውም፤ የቀረው በ805 ሹንዞንግ ሲነግሥ ነው። ዴዞንግ ክፉ ሰው አልነበረም። አንዱን እንደራሴ መቅጣት ይችላል፤ ያለ እንደራሴ መኖር ግን ከቶ አልሆነለትም።

በ807 ሚኒስትሩ ሊ ጂፉ የአገሩን ሒሳብ ለንጉሥ ዢያንዞንግ አቀረበ። 48 የጦር ግዛቶች አሉ። ከእነሱ 15ቱ የቤተሰብ ቁጥር አያሳውቁም። የመንግሥቱን ወጪ የተሸከሙት በደቡብ ምሥራቅ ያሉ 8 ግዛቶች፣ በጠቅላላው 1,440,000 ቤተሰብ ናቸው። ዢያንዞንግ ብርቱ ነበር። በ817 ጄኔራሉ ሊ ሱ በበረዶ ሌሊት ገሥግሦ የዐመፀኛውን የካይጆ ከተማ ያዘለት። በ819 ደግሞ እያንዳንዱ አውራጃ የራሱን ወታደር መልሶ እንዲያዝ ተደረገ፤ እኔ ከድሉ ይልቅ ይህን አስበልጣለሁ፤ የጦር እንደራሴው ከራሱ መቀመጫ በቀር ሌላው አውራጃ ላይ እጁ አጠረ። ብዙዎቹ ግዛቶች ከዚያ በኋላ ግማሽ ክፍለ ዘመን ገደማ ጸጥ ብለዋል። ጨዋታውን ያፈረሰው የጨው ዋጋ ነው፤ ግብሩ በበዛ ቁጥር በጥቁር ገበያ ጨው የሚነግደው ሰው በዛ፤ መሣሪያም ያዘ። ከእነሱ አንዱ ሁዋንግ ቻዎ በ881 መጀመሪያ ቻንግአን ገባ። በ903 የጦር እንደራሴው ጁ ዌን የቤተ መንግሥቱን ጃንደረቦች በመቶዎች ፈጀ፤ በ907 ራሱ ነገሠ።

በ960 የሶንግን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው ጃዎ ኩዋንግዪን ራሱም የጦር እንደራሴ ነበር፤ ስለዚህ በየት በኩል እንደሚመጣበት ያውቃል። የጦር እንደራሴዎቹን ግዛት ቀስ በቀስ ወሰደ፤ ማዕረጉን ግን አልሰረዘም፤ ደሞዙ ጠቀም ያለ የክብር ስም አድርጎ ለጡረተኛ ጄኔራሎችና ለንጉሥ ዘመዶች ተወው። እንደራሴነትን ያጠፋል ብለን ስንጠብቅ ሁሉንም ሰው እንደራሴ አደረገ። አውራጃ የሚያስተዳድረው ገዥ መሆኑ ቀርቶ «ለጊዜው የዚህን አውራጃ ጉዳይ እንዲያይ የተላከ» ሆነ፤ አጠገቡም ሳይፈርም ምንም የማያልፍ ሌላ ሹም ተቀመጠ። ገንዘቡን የሚቆጣጠረው የክፍለ ሀገር የመጓጓዣ እንደራሴ ነው፤ የሊዩ ያን የሹመት ስም። የሥራ ሚኒስቴር ምክትል ሹም የሚል ማዕረግ ያለው ሰው የሚኒስቴሩን ደጃፍ ሳይረግጥ ደቡብ አገር ያስተዳድራል፤ ማዕረጉ ደሞዙን ይለካል እንጂ ሥራውን አይናገርም። ሰው ሁሉ የተላከ ከሆነ ሥር የሚሰድ የለም። ይህ ሶንግን ከጦር አለቆች አድኗታል፤ በወረቀትም አስጥሟታል።

የጃንደረቦቹ ሦስት ክፍል ቤት ምን ሆነ? ሹሚሺ በሶንግ ዘመን በሲቪል ሰው የሚያዝ፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ጎን ለጎን የቆመ፣ የአገሩን ጦር ሁሉ የሚያዝ መሥሪያ ቤት ሆኗል።

በ1080 ንጉሠ ነገሥቱ ሼንዞንግ በዚህ ምስቅልቅል ተሰላቸና ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው እመልሳለሁ ብሎ ተነሣ። መመሪያ ያደረገው በ738 ገደማ የተጠናቀቀውንና የታንግን ስድስት ሚኒስቴሮች ከነማዕረግና ከነጸሐፊ ቁጥራቸው የሚዘረዝረውን መጽሐፍ ነው። በቤተ መንግሥት አሳትሞ ለሹማምንቱ አደለ። መጽሐፉ ሲጻፍ ዩዌን ሮንግ ከሞተ ዓመታት ሆነውት ነበር፤ የጦር እንደራሴዎቹም በድንበር ተተክለዋል፤ በውስጡ የተዘረዘሩት ወንበሮች ብዙዎቹ በዚያን ጊዜም እየቀለሉ ነበር። ቢሆንም በ1082 በዋና ከተማው በካይፌንግ ሚኒስቴሮቹ እንደገና ሥራ ጀመሩ። አማካሪዎቹ የሹሚውን መሥሪያ ቤትስ አጥፍተን ጦሩን ለጦር ሚኒስቴር እንመልሰው ወይ ብለው ጠየቁት። ሼንዞንግ አይሆንም አለ፤ አባቶቼ ጦሩን ከሚኒስቴሩ ያወጡት ዐውቀው ነው ብሎ። በየክፍለ ሀገሩ የነበሩት የመጓጓዣ እንደራሴዎችና አውራጃ የሚያዩት ሹማምንትም ማንም ሳይነካቸው በያሉበት፣ እንደተላኩ ቆዩ።